ቅጂ የሌለው ወፍ

የሶፍትዌር ሥራ ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ጨዋታው ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ስኖር ቀን ቀን የምጽፈው ኮድ የደረሰኝና የዕቃ ቆጠራ ነበር። ማታ ማታ ግን ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወፍ የሚያዳምጥ ዕቃ እሠራለሁ።

ዕቃው ራስቤሪ ፓይ የሚባል፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ኮምፒውተር ነው። ማይክሮፎን ሰክቼለት፣ ሃቡብ ከሚባለው የአቧራ ማዕበል እንዲጠበቅም ማይክሮፎኑን በስፖንጅ ጠቅልዬ፣ በርድኔት የተባለውን ፕሮግራም ጫንሁበት። ፕሮግራሙን የሠሩት የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ የኬምኒትዝ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ድምፁን በሦስት በሦስት ሰከንድ ይቆራርጥና ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ከዚያ ሥዕሉን አይቶ የወፉን ስም ይገምታል። ከግምቱ ጎን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም ይጽፋል። የሪክሻ ጥሩምባ ሰምቶ በሙሉ ልብ የአውሮፓ ወፍ ስም ሲሰጥ አይቼዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ባልደረባ ያላጋጠመው ፕሮግራመር ያለ አይመስለኝም።

የኃይል ማመንጫው አፍንጫችን ሥር ሆኖ ቡሪ መብራት ይጠፋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። ሥራዬ ቀጥ አለ። የጣሪያው ዕቃ ግን ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ባትሪው እስካለ ድረስ ርግቡንም ጭላቱንም መመዝገቡን አላቋረጠም።

ክረምት ሲገባ የሚመጣ አንድ እንግዳ ግን ማይክሮፎኑን አይሻም፤ ብዙም አይጮህምና። ጥቁር ጀርባ፣ ነጭ ሆድ ያለው ትንሽ ሽመላ ነው፤ ሱዳኖች ሲምብሪያ ይሉታል። ሳይንሱ የሚጠራው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዶንጎላ ገዥ በነበረው በአብዲም ስም ነው። ከደቡብ አፍሪካና ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ ዝናቡን ተከትሎ ይመጣል፤ አንበጣና ፌንጣ ይለቅማል፣ በጎጆ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ቤቱን ይሠራል። መንገድ ዳር ሻይና ቡና የምትሸጠው የጎንደሯ እህታችን ገና አንድ ሲያልፍ ስታይ፣ «ወንድም ዓለም፣ ላስቲክ ግዛልኝ፤ ዝናቡ መጣ» ትለኝ ነበር። የእሷ ትንበያ ከፕሮግራሜ ይሻላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። ከቡሪ በስተምዕራብ፣ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። እዚያ በሕይወት ይጠበቁ የነበሩት አዞዎች፣ እባቦችና ወፎች ጠባቂዎቻቸው ሊደርሱባቸው ባለመቻላቸው ያለ ምግብና ውኃ ቀሩ። በጥንቃቄ የተያዙት ናሙናዎች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት በላይ ነበር። የወፍ ቆዳ ከነላባው፣ እግሩ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ እንዳገኘው የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፤ ሌላ የትም የሌለ ነገር ነው።

በእኛ ሙያ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል። ማታ አገልጋይ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ጠዋት ደረሰኙ ሌላ ቦታ ይገኛል። ለስኳርና ለሳሙና ደረሰኝ ሦስት ቅጂ የሚያስቀምጥ ዓለም ለመቶ ዓመት የወፍ መዝገብ አንድ ክፍል ብቻ መመደቡ ያናድደኛል። ከካርቱም ስወጣ የእኔም ዕቃ ጣሪያው ላይ ቀርቷል፣ ድምፆቹም አብረው። ኢበርድ ለተባለው ክፍት የመረጃ ቋት የላክሁት የወፎች ዝርዝር ግን ዛሬም አለ፤ ማንም ተመራማሪ ያየዋል።

ሙዚየም ሲታነጽ ያልታሰበበትን ቅጂ የማስቀመጥ ሥራ አንድ የኮምፒውተር ተማሪ በስልክ ካሜራ ሊጀምረው ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ኮድ ጻፊዎች፣ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም አለላችሁ። ሂዱና ኃላፊዎቹን አነጋግሩ፤ የናሙናዎቹን መለያ ወረቀት ፎቶ ለማንሳትና ወደ መዝገብ ለማስገባት እጅ ካስፈለገ እጃችሁን ስጡ። ቅጂውንም ከአንድ ከተማ በላይ አስቀምጡት።