«ሰላም ይቅደም» እያሉ ድምፅ መቀማት

ሞጆ ላይ ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሹፌር ስለ ምርጫ ተጠይቆ «ምርጫው ይቅር፣ መንገዱ ሰላም ይሁንልኝ» ቢል ማንም ሊፈርድበት አይገባም። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ ያለው እዚያ ነው። የአዳማና የሐዋሳ መንገድ የሚለያየውም እዚያው ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን ጫኝና አውራጁ፣ ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ጾሙን ያድራል። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በዚሁ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ባቱና ሻሸመኔ ላይ ቤትና ሱቅ ሲቃጠል ያየ ሰው ግርግር ቢፈራ አይገርምም።

የሚገርመው በዚህ ፍርሃት የሚነግዱት ናቸው። «ሕዝቡ የጠየቀው ሰላም እንጂ ዴሞክራሲ አይደለም፤ መጀመሪያ ጠንካራ መንግሥት፣ ምርጫው ይደርሳል» ይላሉ። ከቀይ ሽብር የተረፈ ወላጅ ለልጁ የሰጠውን «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚል ምክር የአገር መተዳደሪያ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ።

እስቲ ታሪክ ይጠየቅ። ግንቦት 2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ። አንድም ተቃዋሚ አልገባም። በነዚህ ሰዎች ስሌት ከዚያ የበለጠ ጸጥታ ሊኖር አይችልም ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ተነሳና ኦሮሚያን አዳረሰ። መስከረም 2009 ከሞጆ ብዙም በማይርቀው ቢሾፍቱ፣ በኢሬቻ በዓል ላይ፣ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር እንኳ ከ50 በላይ ሰው አለቀ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታዲያ መንገዱን የዘጋው የዴሞክራሲ መብዛት ነው ወይስ መጥፋቱ? ፓርላማ ውስጥ መናገሪያ ያጣ ቅሬታ አስፋልት ላይ ድንጋይ ሆኖ ወጣ።

«ምርጫም ደም አፍስሷል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ 193 ሰዎች መገደላቸውን የአጣሪ ኮሚሽኑ አባላት ይፋ አድርገዋል። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ግን የምርጫ ካርድ አይደለም። ውጤቱ ሲያጨቃጭቅ የሚዳኝ የታመነ ተቋም ጠፋ፤ መልሱም ጥይት ሆነ።

ጦርነት ያየ ሁሉ ጠንካራ ክንድ ይናፍቃል የሚለውም ሐሰት ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች ታግተው የተመለሱ ወጣቶች ካልታገቱት ይልቅ በብዛት ድምፅ ሲሰጡ በጥናት ተገኝተዋል። በሴራሊዮንም ቤተሰቡ በጦርነቱ የተጎዳ ሰው በስብሰባና በምርጫ የበለጠ ሲሳተፍ ታይቷል። መከራ ያየ ሰው ዝምታን መረጠ ብሎ በስሙ መናገር ሁለተኛ በደል ነው።

ለሹፌሩ ዴሞክራሲ ሩቅ ነገር አይደለም። መንገዱ ለምን እንደተዘጋ፣ የታገተው ባልደረባው ምን እንደደረሰበት የሚጠይቀው፣ ካልመለሰለትም በድምፁ የሚያወርደው ሰው ማግኘት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ግን ሚያዝያ 2005 ከተካሄደ በኋላ በ2010 ተራው ሲደርስ ተራዘመ፤ ከዚያም ዓመታት አለፉ። በዚያ ምርጫ ሰሞን የተወለደ ልጅ አስር ዓመት አልፎታል።

«ሰላም ይቅደም» ባዮች እስቲ ከቀበሌ ይጀምሩ። ሞጆ ላይ መኪና ተሰልፎ ኮንቴይነር ለማራገፍ የሚበቃ ሰላም ካለ፣ የቀበሌ ምክር ቤት ለመምረጥም ይበቃል።