ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ የተመለሰው ሠራተኛና የሥራ መደቡ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ በርካታ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ በሰው ሀብት ሥራ አመራር የትምህርት መስክ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይከታተላሉ። ከፊሎቹ ወጪያቸውን መሥሪያ ቤታቸው የሸፈነላቸው ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ከደመወዛቸው ቀንሰው የሚከፍሉ ናቸው። ትምህርቱን አጠናቀው ማስረጃቸውን ሲያቀርቡ ግን ብዙዎቹ ያልጠበቁት መልስ ይገጥማቸዋል። ማስረጃው ከግል ማኅደራቸው ጋር ይያያዛል፤ ደረጃቸውም ደመወዛቸውም እንደነበረ ይቀጥላል።

ቅሬታው አዲስ አይደለም። ምንጩን ለመረዳት የሥራ ምደባው እንዴት እንደሚከናወን ማየት ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የመንግሥት ሥራዎች "ፕሳ"፣ "መፕ"፣ "ጽሂ" እና በመሳሰሉት ምሕፃረ ቃላት በሚታወቁ ዘርፎች ይመደቡ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. አንስቶ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው የነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ይህን አሠራር ለውጦ ሥራዎችን በ22 ደረጃዎች አስቀምጧል። ዘዴው የሚመዝነው ሥራውን እንጂ በሥራው ላይ የተቀመጠውን ሰው አይደለም። መደቡ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በላዩ የተመደበው ሠራተኛ ሁለተኛ ዲግሪ ስለያዘ የመደቡ ነጥብ አይጨምርም። ለሠራተኛው የተተወለት መንገድ ከፍ ያለ ደረጃ ባለው ክፍት መደብ ላይ መወዳደር ነው።

የመስኩ ተማሪ ይህን ልዩነት ገና በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ይማረዋል። የራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን ለመቀበል መቸገሩ የሚያስገርም አይደለም።

ከደመወዙ ጥያቄ በስተጀርባ ያለውና እምብዛም የማይነሳው ጉዳይ ግን የተማረው ሠራተኛ በምን ሥራ ላይ እየዋለ ነው የሚለው ነው። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር ከአንድ ማዕከል የሚመራ ተቋም በሕግ ከተመሠረተ ወዲህ ዘርፉ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። "የሠራተኛ አስተዳደር" የነበረው "የሰው ኃይል አስተዳደር" ተባለ፤ ዛሬ ደግሞ "የሰው ሀብት ሥራ አመራር" ይባላል። በየበሩ ላይ የተለጠፈው ስም ይቀየር እንጂ፣ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የክፍሉ የዕለት ሥራ የዓመት ፈቃድ መመዝገብ፣ የሥራ ሰዓት መቆጣጠር፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ መጻፍና የጡረታ ሰነድ ማሟላት ሆኖ ቆይቷል። እነዚህ ተግባራት አስፈላጊ መሆናቸው አይካድም፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስፈልጋቸው ግን አይደሉም።

ትምህርቱ ራሱም ከነቀፌታ ነፃ አይደለም። የመማሪያ መጻሕፍቱ በአብዛኛው በውጭ አገር፣ ለትርፍ የሚሠሩ ኩባንያዎችን ታሳቢ በማድረግ የተዘጋጁ ናቸው። በመጻሕፍቱ የሚገኘው የሰው ሀብት ኃላፊ የተሻለ ለሠራ ደመወዝ ለመጨመር ሐሳብ ያቀርባል፤ ከማኅበር ጋርም ይደራደራል። በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኞችን የደመወዝ ስኬል የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የኅብረት ስምምነትን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የመንግሥት ሠራተኞችን አይሸፍንም። እነርሱ የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ነው። በመሆኑም ተመራቂው ከተማረው ከፊሉን በመሥሪያ ቤቱ ሊጠቀምበት አይችልም።

የቀረው ግን ቀላል አይደለም። የሰው ኃይል ዕቅድ፣ የሥራ ትንተና፣ ምልመላና መረጣ፣ እንዲሁም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሕጉ ለየመሥሪያ ቤቱ የሰጣቸው ተግባራት ናቸው። ምልመላን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ክፍት መደብ ወጥቶ ፈተናው በጥድፊያ ሲዘጋጅ፣ ጥያቄዎቹ ከሥራው ጋር ሳይሆን ከአዘጋጁ የቀድሞ ደብተር ጋር ይዛመዳሉ። በመስኩ በሚገባ የሠለጠነ ባለሙያ በቅድሚያ የሥራ ዝርዝሩን ዘርግቶ፣ ፈተናው የትኛውን ችሎታ እንደሚለካ ይጠይቃል። የሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ቢሆን፣ በአንድ ክፍል ያለው ሠራተኛ በሙሉ ተቀራራቢ ከፍተኛ ውጤት እየተሞላለት የሚያልፍ ከሆነ ለደረጃ እድገትም ሆነ ለሥልጠና የሚያገለግል መረጃ አያስገኝም።

ይህን ዕውቀት የሚፈልግ ጊዜ መጥቷል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞችና አመራሮች የብቃት ፈተና ሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ለብቃት ምዘና ትኩረት ሰጥቷል። ፈተናን ማዘጋጀት፣ ውጤቱን መተርጎምና ያላለፈውን ሠራተኛ በምን እንደሚያበቁት ማወቅ ሙያ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ተማሪ የሚቀበሉት በአገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አጣርተው ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎቹም ሊጤኑ ይገባል። ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚያጠኑት የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ነው፤ ሠራተኛ ለምን እንደሚለቅ፣ ሥልጠና ምን ውጤት እንዳመጣ፣ ምዘናው ለምን አመኔታ እንዳጣ። መሥሪያ ቤቱ መረጃ እንዲሰጣቸው በደብዳቤ ይፈቅዳል፤ ሠራተኞቹም መጠይቅ ይሞላሉ። ጽሑፉ ተጠርዞ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ ግኝቱን ሳያየው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚቸገርበትን ጥያቄ አስቀድሞ ለተማሪው ሰጥቶ ውጤቱን በማኔጅመንት ስብሰባ ቢያዳምጥ፣ ለአማካሪ ድርጅት ሊከፍል ይችል የነበረውን ገንዘብ ማዳን ይችላል።

ወጪው በመንግሥት ለሚሸፈንለት ሠራተኛ ከትምህርቱ በፊት ውል ይፈረማል። በውሉ ላይ ሲመለስ ለስንት ጊዜ የማገልገል ግዴታ እንዳለበት ይሰፍራል፤ በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚመደብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም።