ሎሚ የሚሸት ሳሎን፣ የሚከረፋ ወንዝ

ጅማ ላይ ሰው ቤት ስትሄዱ ገና ከበሩ የሚቀበላችሁ የቡና ቁሌት ነበር። ገል ላይ የተነሰነሰ ዕጣን፣ ከቡናው ጋር የተወቀጠች አንዲት ኮረሪማ… ዛሬ ዛሬ ግን አንዳንዱ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጎን ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ እንደ ጀበና የምትተን ግን ፍም የማታውቅ ዕቃ አስቀምጧል። ዲፊውዘር ይሏታል። ውኃ ይጨመርባታል፣ ከትንሽ ጠርሙስ ዘይት ጠብ ጠብ ይደረግባታል፣ ከዚያ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይላል። ጓሮ የበቀለውን ጠጅ ሣር ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

“በሰው ቤት ሽታ ምን አገባህ?” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ያሽትት። የሚያናድደኝ ከጠርሙሱ ጋር የሚሸጠው ወሬ ነው። ለአስም፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት… የማያድነው ነገር የለም! ጥሩ መዓዛ መንፈስ ያድሳል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ወገኖቼ፣ በሽታ በሽታ አይድንም። እንዲያውም “ተፈጥሯዊ ነው” ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የተተወውን የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ልጅ ቢጠጣው ይመርዘዋል። ይህን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

“የአባቶቻችን ዕጣን እያለ!” የሚለው ፎካሪም ቢሆን አያሳምነኝም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መቀመጥ ሞት መጥራት ነው፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ በዕጣኑ መሀል ማን ያውቀዋል? ዕጣኑም ራሱ አደጋ ላይ ነው። በመተማና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ወጣት ተተኪ ካጣ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። በእሳት፣ በከብት ግጦሽና ያለ ልክ በመቧጨር። ፉከራው ለዛፉ አልደረሰለትም።

ወደ ዋናው ሽታ ልምጣ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ከአጋሮም ወደ ጌራ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ቀይ እሸት የሚለቀምበት፣ የመፈልፈያ ጣቢያዎቹ ሲያጓሩ የሚያመሹበት ወራት ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ይፈለፈላል። ቀሪው የት ይሄዳል? ቆዳው ይከመራል። ፍሬው ላይ ያለው ጣፋጭ ሙጫ ደግሞ ከእጣቢው ጋር ጉድጓድ ካለ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ከሞላ ወይ ድሮውኑ ካልተቆፈረ መንገዱ ወደ ወንዝ ነው። ስኳሩን ተሐዋስያን ይቀራመቱታል፣ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ወንዙ ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል፣ ይከረፋል። ከታች ያለችው እናት ከዚያው ትቀዳለች፣ ከብቷም ከዚያው ይጠጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ለክተው ካሳተሙ ዓመታት አልፈዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁም ቁጥር 300/1995 ተብሎ ከወጣ ልጅ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

እናላችሁ፣ በዚህ ቡና የከበረው ሰው መስኮቱን ይዘጋና ዲፊውዘሩን ይሰካል። ቡና የገዛው ሎሚ የቡናን ግማት ይሸፍናል ማለት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለነው እንግዶችም “ቤታችሁ እንዴት ደስ ይላል!” እንላለን፤ ሲሆን ሲሆን የጠርሙሱን ስም ጠይቀን እንወጣለን። ከወንዙ የምትቀዳዋ ሴት የምትዘጋው መስኮት የላትም።

መላ ጠፍቶ ቢሆን ባልተናደድኩ። ቬቲቨር የሚባለውን ሣር የጅማ አካባቢ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ሲመጣ በሩን የከፈተለት እዚሁ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ነው። እጣቢው ጉድጓድ ውስጥ ከረጋ በኋላ ቬቲቨር በተተከለበት መሬት ላይ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ቢደረግ የሣሩ ሥር ብዙውን ቆሻሻ ይይዘዋል፤ በአንዳንድ ጣቢያዎች ተሠርቶበታል። የሚገርመው ደግሞ ከዚሁ ሣር ሥር የሚወጣው ዘይት ሽቶ ሠሪዎች የሚሻሙበት ነው። ሃይቲ እየሸጠችው ትኖራለች። በዚያች ትንሽ ጠርሙስ ተጨምቆ ተመልሶ እኛው ሳሎን ቢገባ አይግረማችሁ።

አንድ ባለ ጣቢያ ሣሩን ለምን እንደማይተክል ጠየቅሁት። “ቦታ የለኝም” አለኝ። ያወራነው ሦስት አይሱዙ ጎን ለጎን በቆመበት ግቢው ውስጥ ነው፤ ለአራተኛው የሚሆን ቦታም ነበረው።