ያልተሻረ ሕግ አልሞተም

«የማይሠራበት ሕግ ራሱ ይሞታል፤ ምክር ቤት ለመሻር ጊዜ አያባክን» የሚለውን ጽሑፍ አነበብሁ። ጎጃምን የሚያውቅ እንዲህ አይልም።

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሽሮ በገቢ ግምት የሚከፈል ግብር ተካ። በጎጃም የሞጣና የብቸና ገበሬ ግን ግምቱን ያየው ርስቱን ሊነጥቅ እንደመጣ ቀላድ፣ እንደ መሬት መለኪያ ገመድ፣ ነው። ሸፈተ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ሰው አለቀ። ምን እንደቀረና ምን እንደመጣ በግልጽ ያልተነገረው ሕዝብ የከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ዛሬስ? የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለጡት። የገጠር መሬት በ1967 የሕዝብ ሆኗል፤ ስለ መሬት ባለሀብትነት የተጻፉት አንቀጾች ግን አሁንም በመጽሐፉ አሉ። የኋለኞቹ አዋጆች መጨረሻ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትገኛለች፦ ይህን የሚቃረን ሕግ ሁሉ ተፈጻሚነት የለውም። የትኛው ሕግ? ስንተኛው አንቀጽ? ፍለጋው በባለጉዳዩ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ጠበቃ የያዘ ያገኘዋል፤ ከብቸና ገጠር በእግሩ የመጣው ግን ፍርድ ቤት ቆሞ ነው የሚሰማው።

የአማራ ክልል ምክር ቤት የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998ን በቁጥር 252/2009 ተክቷል፤ ስለዚህ ሕግን ለይቶ መሻር አይቻልም አትበሉን። የምትሽሩትን ሕግ በቁጥሩና በአንቀጹ ጥሩት።