«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማን ጨረሰው?

በወሎዋ ከተማ በመካነ ሰላም ቡና ቀርቦ የመጽሐፍ ወሬ ቢነሣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አላውቅም የሚል ሰው ማግኘት ይቸግራል። ለበዛብህ የማያዝን፣ ለሰብለ ወንጌል ከንፈሩን የማይመጥ፣ ጉዱ ካሣን እንደ ሰፈሩ ሰው የማይጠቅስ የለም። አንዱ ተንኮለኛ «ለመሆኑ የበዛብህ አባትና እናት እንዴት ነበር የተጋቡት?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ግን ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የሚጀምረው ደግሞ በዚያ ነው። ባል የሞተባት ባለ ሀብቷ ውድነሽ በጣሙ ከአገልጋይዋ ከቦጋለ መብራቱ ጋር ትዳር ትመሠርታለች፤ አገር ያማል፣ ዘመድ ያጉረመርማል፣ ሁለቱ እየተፈራሩ ይቀራረባሉ። እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይህን ክፍል አይረሳውም። ያልጀመረው ሰው ግን በዛብህ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

ይህ የሚነገረው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከ500 ገጽ በላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥራዝ ገዝቶ ማንበብ የሚችል ሰው በደጋው ወሎ የሚቆጠር ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ታሪኩን ያገኘው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው ሬዲዮ ያለው ቤት የሠፈሩ ሁሉ ቤት ሆነ። የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ በሌላው ሰዓት ይዘጋል፤ ትረካው ሲደርስ ይከፈታል፤ ያመለጠው ሰው በማግሥቱ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. አርፏል። ድምፁ ግን በካሴት ኖሮ፣ ወደ ሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ፣ ዛሬም ከሹፌሩ ጎን በተቀመጠ ስልክ ውስጥ ሲተርክ ይሰማል።

እንግዲህ ተራ አንባቢ የሚያስበውን ጮክ ብሎ መናገር ከተፈቀደለት፣ የመጽሐፉ ዝና እኩሌታው የወጋየሁ ነው። ጉዱ ካሣ በወረቀት ላይ ብዙ ይሰብካል። ስለ ባላባት ሥርዓት፣ ስለ ልማድ፣ ስለ ዘር የሚናገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም ገጽ ከገጽ ሲከታተል አንባቢን ያደክማል። በወጋየሁ ድምፅ ግን ያው ሰው ሥጋና ደም ይለብሳል፤ ሲናደድ ይሰማል፣ ሲያፌዝ ይሰማል። የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ጉራ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለመሰማት የተጻፈ ነው። አበጀ በለው ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ ፊታውራሪውን መቀመጫ የሚያሳጣበት ክፍል በሳቅ የታጀበ ፖለቲካ ነው፤ ከአብዮቱ ስምንት ዓመት በፊት በይፋ ታትሞ መሸጡ እስከ ዛሬ ያስገርማል። ስለ ዋናው ፍቅር ግን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። በዛብህና ሰብለ ገና ሲተያዩ መጨረሻቸው ይታወቃል፤ ለአንባቢ የሚቀረው ማልቀስ ብቻ ነው። ውድነሽ ግን ታሰላለች፣ ታፍራለች፣ ትፈራለች፣ ከዚያ ትወስናለች። የትልቅ ሰው ፍቅር የእሷ ነው።

ታሪኩ የሚካሄድበት አገር ለመካነ ሰላም ሰው ሩቅ አይደለም። በዛብህ ቅኔ የተማረባት ዲማ ጊዮርጊስ ያለችው አባይን ተሻግሮ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና በኩል ነው። ንግግሩ፣ ስለቱ፣ የቆሎ ተማሪው ኑሮ፣ የባላባቱ ግቢ፣ ሁሉም ወንዙን ተሻግሮ እዚህም የነበረ ነው። ምናልባት ትረካው በዚህ ደጋ ቤተኛ የሆነው ለዚህም ይሆናል።

በጆሮ ማንበብ ደግሞ እዚህ አገር ሬዲዮ ያመጣው ነገር አይደለም። በዚሁ በቦረና ሳይንት ምድር የጋስጫ ገዳም አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት፣ ቤተ ክርስቲያን «ደራሲው» እያለች የምትጠራቸው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስማቸው የተያያዘው ከዚህ ገዳም ጋር ነው። «መጽሐፈ ምሥጢር»ና «አርጋኖን» የእሳቸው ናቸው። ገድላቸው እንደሚለው በልጅነታቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባ ብሏቸው እህል ሲፈጩ ይውሉ ነበር፤ ለሰነፍ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጽናኛ አይገኝም። ከድርሰቶቻቸው ሁሉ ሕዝብ ጆሮ የገባው ግን በሌሊት የሚቆመው «ሰዓታት» ነው። ግእዝ የማያውቅ ገበሬ ሳይቀር ዜማውን ለይቶ ያውቃል፤ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚወርድ ያውቃል። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ድርሰት ዛሬም በየሌሊቱ «ይነበባል» ማለት ነው። ስንት የዓለም ደራሲ ይህን ያገኛል?

በሌላው ወገን ሼህ ሁሴን ጅብሪል አሉ። የወረሂመኑው ሼህ ግጥሞች በወዳጃ ላይ፣ በቡና ላይ፣ በገበያ መንገድ ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ኖረው ቦጋለ ተፈሪ ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚጠቅሰው መጽሐፍ ይጠራ ቢባል ከዚህ የሚቀድም አይኖርም። አንባቢው ግን አንድ ክፉ ልማድ አለው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጽሐፉን ገልጦ «ይኸው ተናግረውት ነበር» ይላል፤ ነገሩ ከሆነ በኋላ ትንቢት መፍታት ማንንም አያቅትም። ሼሁን ትልቅ የሚያደርጋቸው ግጥሙ ነው። ቃሉ አጭር፣ ቤቱ የሚመታ፣ ምፀቱ እንደ ወሎ ጨዋታ ስውር ነው። ትንቢቱን ትቶ ግጥሙን ብቻ ያነበበ ሰው የበለጠ ያተርፋል።

ወደ ከተማው ልብ ወለድ ሲመጣ የተራ አንባቢ ፍርድ ይበልጥ ከምሁራኑ ይለያል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ይነሣ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ሰው የሚያነበው ደራሲው ለምን እንደተሰወረ ለማወቅ ነው፤ ልብ ወለዱ ራሱ በዝናው ጥላ ሥር ወድቋል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያምና አስመሬዋ ፊያሜታ ጊላይ የሚዋደዱበትን ክፍል ወጣቶች በቃላቸው ይዘውታል። ሰከን ብሎ ላነበበው ግን የመጽሐፉ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስብሰባዎች፣ ከላይ እስከ ታች በመፈክር የሚነጋገሩት ካድሬዎች፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ የሚመጣው የናቅፋ ተራራ። ፊያሜታ ከሴት ይልቅ ምኞት ትመስላለች። ይህን ማለት በዓሉን ማሳነስ አይደለም፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣም የውጭ አንባቢ ያገኘው ያንኑ የጦርነትና የፕሮፓጋንዳ መጽሐፍ ነው።

«ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ሃያሲያን አፍንጫቸውን ነፉበት። ስለላ፣ ሳይንስ፣ የጣና ገዳማት፣ የተደበቀ ቴክኖሎጂ፣ ሁሉም በአንድ ድስት። እውነት ነው፣ የይስማዕከ ወርቁ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ አንዳንዴ መግለጫ የሚያነቡ ይመስላሉ። ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ገልጦ የማያውቅ ተማሪ ያንን መጽሐፍ በሌሊት በስልክ መብራት ጨርሷል፤ ሲጨርስም ጓደኛው እጁን ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»ም እንዲሁ በሰፊው ተነቧል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ አንባቢን ይዞ መንዝ ይገባል። ደራሲው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠና የሥነ ምኅዳር ምሁር ስለሆነ ዛፉ ዛፍ ነው፣ ገደሉ ገደል ነው፤ ምስጢሩ አላሳመነኝም የሚል አንባቢ እንኳ መንገዱን ያምናል።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» ደግሞ የራሱ ወግ አለው። የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ ነቢይ መኰንን የተረጎመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነው። አንባቢ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለማወቅ ብሎ አልገዛውም፤ ስካርሌት ኦሃራ ጦርነትና ረኃብ አልፎባት መሬቷን የሙጥኝ ያለች ሴት ስለሆነች ነው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለችን ሴት ለማስረዳት የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልግም።

በሌላው ጫፍ ሁሉም የሚያመሰግነው፣ ማንም የማይጨርሰው «አደፍርስ» አለ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ ከባድ ነው ይባላል። ተማሪው አደፍርስ ገጠር ወርዶ ከሁሉም ጋር ይከራከራል፤ ተራኪው ማን እንደተናገረ ሁልጊዜ አይነግርም፤ ተረቱና ምሳሌው እንደ ዝናብ ይወርዳል። በዝምታ ያነበበው ሰው በእርግጥ ይጠፋል። ጮክ ብሎ ላነበበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ አፋቸውን ከከፈቱ ማን እንደተናገረ መጠየቅ የለም፤ ድምፃቸው ይለያል። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የሰው ንግግር ነው። ከባድ የሚለውን ስም ያወጣለት አንብቦ ያልሰማው ሰው ነው፤ ወጋየሁን የሚያህል ተራኪ ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ አደፍርስ የጉዱ ካሣን ያህል በየቡናው ይጠቀስ ነበር።

የደጋው አንባቢ አንድ ቅሬታ ግን ተገቢ ነው። ወሎ በልብ ወለዶቻችን የሚታየው ወይ ሲራብ ወይ ሲቀበር ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» የወሎን ረኃብ ይዞ ይነሣል፤ መጻፉ ግዴታ ነበር፣ በደንብም ተጽፏል። መቅደላ ደግሞ የምትመጣው ለመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። የብርሃኑ «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ሁሉም ዐፄ ቴዎድሮስን ተከትለው አምባው ላይ ይደርሳሉ፤ ሽጉጡ ሲጮህ ያበቃሉ። መቅደላ ግን የመጻሕፍት አምባም ነበረች። ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ብለው ከየቦታው ያሰባሰቡትን የብራና መጻሕፍት እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ አጋዙ፤ ከምርኮው ብዙው በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ወደ 350 የሚጠጉት ብራናዎች ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጽፈው በመጠየቃቸው አንድ «ክብረ ነገሥት» በ1872 እ.ኤ.አ. ተመልሷል። መጽሐፍ ጠይቆ ደብዳቤ የሚጽፍ ንጉሥ፣ መጽሐፍ የጫነ ዝሆን፣ የብራና ጨረታ፤ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካም አንድ ምዕራፍ እንኳ እየጠበቀ ነው።

የሚጻፈው እስኪጻፍ የተጻፈውን ማሰማት ይቻላል። በኩባ የሲጋራ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ከደመወዛቸው አዋጥተው አንባቢ ይቀጥሩ ነበር፤ እነሱ ትምባሆ ሲጠቀልሉ እሱ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። የአሌክሳንደር ዱማን መጽሐፍ ወደዱና ሲጋራው «ሞንቴክሪስቶ» ተባለ። መካነ ሰላም ለዚህ የሚሆን ነገር አያጣም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ እዚያው ከተማው ውስጥ አለ፤ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አላቸው። በዕረፍት ሰዓት ከዘፈንና ከማስታወቂያ የሚተርፍ ሩብ ሰዓት አይጠፋም። አማርኛ መምህራንና የሚኒ ሚዲያ ልጆች በዚያች ሩብ ሰዓት በየቀኑ ጥቂት ገጽ ያንብቡ፤ ድምፁ የሚያምር ተማሪ በየክፍሉ አለ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመር አያስፈልግም፤ እሱ ድምፁን አግኝቷል። ይልቅ «አደፍርስ»ን ያውጡት፤ ወይዘሮ አሰጋሽን ለሴት ልጅ ይስጡ፤ ተማሪው ከሰለቸው ደግሞ ሰለቸኝ እንዲል ይፍቀዱለት።