ለየብቻቸው የተፈቀዱ፣ ተጣምረው የታገዱ ሁለት መድኃኒቶች

በየካቲት 2017 ዓ.ም. የሕንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ታፔንታዶልና ካሪሶፕሮዶል የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን አጣምሮ ማምረትም ሆነ ወደ ውጭ መላክ እንዲቆም አዘዘ። ትእዛዙ የወጣው እንዲህ ያለው ክኒን በጋና፣ በናይጄሪያና በኮትዲቯር በየመንገዱ እንደሚሸጥ ቢቢሲ በምርመራ ዘገባው ካጋለጠ በኋላ ነው።

ዜናው ስለ ወጣቶች ሱስና ስለ ሕገወጥ ንግድ ብቻ የሚናገር ሊመስልዎ ይችላል። ለሕመምተኛና ለአስታማሚ ግን ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለቱ መድኃኒቶች በሕንድ ለየብቻቸው ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ ፈቃድ ያልነበረው ጥምረታቸው ነው። እርስዎ ቤት ባለው የመድኃኒት ከረጢት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሊኖር ይችላል፦ እያንዳንዱ ክኒን በሐኪም የታዘዘ፣ አብረው እንዲወሰዱ ግን ማንም ያላዘዘው።

ታፔንታዶል ከሞርፊንና ከትራማዶል ወገን የሆነ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ይህ ወገን ኦፒዮይድ ይባላል። ካሪሶፕሮዶል የጡንቻ ማፍታቻ ሲሆን፣ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በከፊል ሜፕሮባሜት ወደሚባል የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል በማለት የካሪሶፕሮዶል የሽያጭ ፈቃድ እንዲታገድ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር።

ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይፈጠራል? ተኝተን ሳለን ሳናስበው የምንተነፍሰው በአንጎል ግንድ ያለው መቆጣጠሪያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሲል ስለሚያውቅና አየር እንድንስብ ስለሚያዝ ነው። ኦፒዮይድ ይህን ንቃት ያደበዝዘዋል። የሚያረጋጉና የሚያስተኙ መድኃኒቶች ደግሞ በሌላ መንገድ ገብተው አንጎልን ያቀዘቅዛሉ፣ የምላስንና የጉሮሮን ጡንቻ ያላላሉ፣ ሰውየው አየር ቢያጥረው እንኳ ቶሎ እንዳይነቃ ያደርጋሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ሰውነት ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል። ሁለቱ በአንድ ሌሊት ሲደራረቡ ግን የእያንዳንዳቸው መጠን ልከኛ ቢሆንም ትንፋሽ ሊዘገይ፣ ከዚያም ሊቆም ይችላል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፒዮይድ እንደ ዲያዜፓም ካሉ ማረጋጊያዎች ጋር ሲወሰድ ለሞት ሊያበቃ እንደሚችል የሚገልጽ፣ ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ጠንካራ የሆነውን፣ በሳጥን የታጠረ ጽሑፍ ወደ 400 በሚጠጉ ምርቶች መግለጫ ላይ እንዲሰፍር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ለነርቭ ሕመም ስለሚሰጡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ተመሳሳይ ስጋት አስታውቋል። ችግሩ፣ እንዲህ ያለው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛና በደቃቅ ፊደል የታተመ መሆኑ ነው። አሥር ክኒን ተቆርጦለት በትንሽ የወረቀት ከረጢት ይዞ ለሚሄድ ሰውማ ጭራሽ አይደርሰውም።

የወገብ ሕመም ያለባቸውን አንድ አባት ያስቡ። ከአንድ ክሊኒክ ትራማዶል ታዞላቸዋል። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው ከሌላ ቦታ ዲያዜፓም ያገኛሉ። ጉንፋን ሲይዛቸው ልጃቸው ክሎርፌኒራሚን ያለበት የሚያስተኛ ሽሮፕ ይገዛላቸዋል። ማታ ላይ ደግሞ አንድ መለኪያ አረቄ። ከአራቱ አንዱም ለብቻው ቤተሰቡን አያስደነግጥም፤ አራቱም ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ሰዎች ይበልጥ ለአደጋ ይጋለጣሉ። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ደግሞ ትራማዶል ራሱ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ስለሚችል ሐኪሙ በቅድሚያ ሊያውቅ ይገባል።

ማጣመር ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአራት መድኃኒቶች የሚጀመረው ሆን ተብሎ ነው። ሐኪምም አንዳንዴ ማስታገሻና ማረጋጊያ አስቦበት፣ መጠኑን ቀንሶ አብሮ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ይህን አንብበው ዲያዜፓምዎን ወይም ፌኖባርቢታልዎን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ቆይተው በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው፣ መንቀጥቀጥም ያመጣል። ይልቅ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ሽሮፑንም ጨምረው፣ በአንድ ከረጢት አድርገው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጋ ይሂዱ፤ መጠጥ የሚጠጡ ከሆነም ሳያፍሩ ይናገሩ።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን የወሰደ ሰው ሲጠሩትና ሲነቀንቁት የማይነቃ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት ያለ የታፈነ ድምፅ ካሰማ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ «ይተኛ፣ ደክሞት ነው» አይበሉ። ወዲያው አምቡላንስ ይጥሩ፤ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት፣ መተንፈስ ካቆመ ሰው ሠራሽ ትንፋሽ የሚያውቅ ሰው ይስጠው። ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ የኦፒዮይዱን ጉዳት ይመልሳል፣ ካለ መሰጠት አለበት። የዲያዜፓምን፣ የካሪሶፕሮዶልንና የአልኮልን ግን አይነካም፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ቢነቃም ወደ ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም። ሲሄዱ ባዶውን የክኒን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።