ያ ትውልድ በሴቶቹ ብዕር

ስለ 1960ዎቹ ትውልድ ብዙ ተጽፏል። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ብቻውን ሦስት ቅጽ ነው። ስብሰባው፣ አንጃው፣ የማዕከላዊ ኮሚቴው ውሳኔ፣ ማን መቼ የትኛውን አቋም እንደያዘ በነዚህ መጻሕፍት በዝርዝር ሰፍሯል። ባይጻፉ ኖሮ ዛሬ የምናውቀውን ያህል አናውቅም ነበርና ባለውለታዎቻችን ናቸው። ጸሐፊዋ ሴት ስትሆን ግን መጽሐፉ ሌላ ስም ይወጣለታል። የወንዱ «ታሪክ» ሲባል የሷ «የፍቅር ታሪክ»፣ «የእስር ትዝታ»፣ «የግል ሕመም» ይባላል። ከዋናው ታሪክ ቀጥሎ፣ ጊዜ ለተረፈው አንባቢ እንደተጻፈ ተቆጥሮ ይቀመጣል። ይህ አመዳደብ ስህተት ነው እላለሁ። የዚያ ዘመን ትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ፣ ለነፃነት የተነሣ ድርጅት የራሱን ልጆች እስከ መግደል እንዴት ደረሰ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ መልስ ያገኘሁት «የግል» በተባሉት መጻሕፍት ውስጥ ነው።

የሕይወት ተፈራን መጽሐፍ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝኛ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ፤ በኋላ «ማማ በሰማይ» ተብሎ በአማርኛ ወጣ። ሐረር ያደገች ወጣት ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ትመጣለች፤ ጌታቸው ማሩን ትወዳለች፤ ትግሉ ውስጥም ትገባለች። ጌታቸው ተራ አባል አልነበረም። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲን (ኢሕአፓን) ከመሠረቱት ቡድኖች አንዱ የሆነውን «አብዮት»ን ይመራ የነበረ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነው። የከተማውን የትጥቅ ትግል ተቃወመ፤ ድርጅቱ በአንጃነት ከሶ አሰረው፤ በ1969 ዓ.ም. በገዛ ጓዶቹ እጅ ተገደለ። በድርጅት ታሪክ ውስጥ ይህ ሞት የመስመር ትግል አንድ ምዕራፍ ነው፤ የሁለቱ ወገኖች ክርክር ይቀርባል፣ አንባቢም ይፈርዳል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንዲት ሴት የምትወደውን ሰው የገደለው ድርጅት አባል ሆና ቆማለች። እዚህ ላይ ከሰነድ የማይገኝ ነገር ይገለጣል። ህዋስ፣ የትግል ስም፣ ምሥጢር ጠባቂነት የሚባሉት ነገሮች በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚሠሩ እናያለን። ስለ ሞቱ ማንን ትጠይቃለች? ማን ፊት ታለቅሳለች? የግል ስሜት «ንዑስ ከበርቴያዊ» ድክመት ተብሎ በሚነቀፍበት ዘመን ሐዘን ራሱ የዲሲፕሊን ጉድለት ይሆናል። ጓድ ጓዱን መግደል በአንድ ስብሰባ ውሳኔ የመጣ አይመስለኝም። ቀድሞ ጓደኛ ጓደኛውን «የት ደረሰ?» ብሎ እንዳይጠይቅ የለመደበት፣ ፍቅርም ዝምድናም ከመስመር በታች የዋለበት ኑሮ ነበር። ግድያውን የሚቻል ያደረገው ይህ ኑሮ ነው፤ ይህን ኑሮ ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይመዘግበውም።

የወይዘሮ ታደለች ኃይለ ሚካኤል «ዳኛው ማነው?» ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ባለቤታቸው ብርሃነመስቀል ረዳ የኢሕአፓ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ነበር። እንደ ጌታቸው ሁሉ የከተማውን የትጥቅ ትግል ተቃውሞ ከድርጅቱ ተለየ፤ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣ፤ በመጨረሻ ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ ገደለው። ወይዘሮ ታደለች ረጅም ዘመን ታስረው ወጡ፤ ከደርግ በኋላ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊና አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ላነበበ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። አንዱን ሰው ድርጅቱ፣ ሌላውን ደርግ ገደለው፤ ሁለቱም «ይህ መንገድ አያዋጣም» ያሉ ነበሩ። ያን ሐሳብ ከሞት አትርፈው ለእኛ ካደረሱልን መካከል ሁለቱ ሴቶች ይገኛሉ። የተቃውሞ ሐሳብ በድርጅት መዝገብ ውስጥ በአሸናፊው ቋንቋ ብቻ በሚቀመጥበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከበደች ተክለአብ ደግሞ ከዚሁ ትውልድ ሌላ ዕጣ የደረሳት ናት። ደርግን ሸሽታ ስትሰደድ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ካምፕ ቆይታለች፤ የግጥም መድበሏ «የት ነው?» የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። የኦጋዴን ጦርነት ሲነሣ የካራማራን ድል እናስታውሳለን፤ ማስታወስም ይገባናል። ነገር ግን ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. እስኪስማሙ ድረስ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከድንበር ማዶ ታስሮ ኖሯል። ለዚህ የተረሳ ሕዝብ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ድምፅ ከሰጡት ጥቂት ሥራዎች አንዱ የአንዲት ሴት የግጥም መጽሐፍ ነው።

ልብ ወለድም ከዚህ ክርክር አይወጣም። መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችውና በማግሥቱ ዓመት በቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች መካከል የገባው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዷ ስለ ጣሊያን ወረራ ነው። ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ ካባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ አለ፤ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል። ኪዳኔ ወራሪውን የሚዋጋ፣ ጦር የሚመራ አርበኛ ነው። ያው ሰው ሂሩትን ይደፍራታል። መዓዛ አንዱን በሌላው አልሰረዘችውም፤ አርበኝነቱም በደሉም በአንድ ሰው ላይ አብረው ይሄዳሉ። ይህ የአርበኞችን ክብር ይነካል የሚል አንባቢ ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል፤ በአባቶቻችን ደም የተገኘ ነፃነት ነውና። ሆኖም ክብሩ ለአርበኛዋም ነው። ደራሲዋ እንደተናገረችው የገዛ ቅድመ አያቷ ጌጤ ለባሏ የተሰጠውን የአባቷን ጠመንጃ በዳኛ ፊት ተሟግታ አስመልሳ ዘምታለች፤ መዓዛ ይህን ከእናቷ የሰማችው ዘግይታ፣ መጽሐፉን ስትሠራ ነው። ያን የመሰለ ታሪክ በቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሳይነገር ከኖረ፣ በየቤቱ ስንት ተዳፍኖ ቀርቷል? ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ግን ገና በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትመው ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያን አዚናራ ደሴት ድረስ ወስዶ ያሰራቸው፣ በኋላ ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መንገዱ ያኔ ተከፍቷል፤ ተከትለን አልሄድንበትም።

ትዝታ ማስረጃ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ፍቅር ዓይን ይጋርዳል፣ ጊዜ ያደበዝዛል፣ ሰው ለራሱ ያደላል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ይኸው ሚዛን ለሁሉም ይዋል። የድርጅት መሪዎች የጻፉትም ትዝታ ነው፤ እነሱም የሚከላከሉት አቋም፣ የሚያጸዱት ስም አላቸው። እንዲያውም የምትወደውን ያጣች ጸሐፊ አድልዎዋን በግልጽ አስቀምጣ ስለምትጽፍ አንባቢ አስተካክሎ ማንበብ ይችላል፤ በ«ሕዝቡ ወሰነ»፣ በ«ድርጅቱ አመነ» ሥር የተደበቀው አድልዎ ግን ለመለየት ይከብዳል። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይበረታል፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። እነዚህ ጸሐፊዎች የተማሩ ናቸው፤ የሕይወት መጽሐፍና የመዓዛ ልብ ወለድ ደግሞ መጀመሪያ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በደርግ ቀይ ሽብር ልጇን ያጣች፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት የት አለች? ሂሩትን የመሰለች ሠራተኛ በራሷ ቃል የተናገረችው የት ይገኛል? ጉድለቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ጉድለቱ የተጻፈውን ለማሳነስ ምክንያት አይሆንም፤ ያልተጻፈውን ለመሰብሰብ ግን ያስገድዳል። የነዚያ እናቶች ዕድሜ ደግሞ እየመሸ ነው።

«ሴት ደራሲ» የሚለው መለያ ራሱ ማግለል ነው የሚሉትን በግማሹ እቀበላለሁ። መለያው ለየብቻ መደርደሪያ የሚያገለግል ከሆነ ይቅር። ለጊዜው ግን ማን እንደተዘለለ ለማሳየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ የምታስተምሩ መምህራን፣ አብዮቱን ስታስተምሩ «ማማ በሰማይ»ን እና «ዳኛው ማነው?»ን ከ«ያ ትውልድ» እኩል በዋናው የንባብ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ተማሪዎቻችሁንም መቅጃ አስይዛችሁ ወደ እናቶቻቸውና ወደ አያቶቻቸው ላኩ። አንባቢም ብትሆኑ በቤታችሁ ያን ዘመን ያየች ሴት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት፤ የምትነግራችሁንም ጻፉት።